የአስም ፓፍና ጾም፦ በጤና ጣቢያ ደረጃ ገና ያልተጠኑ ጥያቄዎች

ረመዷን በተቃረበ ቁጥር ከሚደጋገሙ ጥያቄዎች አንዱ «የአስም ፓፍ ጾም ያፈርሳል ወይ?» የሚለው ነው። ሸይኽ ኢብኑ ባዝና ሸይኽ ኢብኑ ዑሠይሚን (ረሒመሁሙላህ) አያፈርስም ብለዋል። ያፈርሳል የሚሉ ዑለማዎችም አሉ። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ጂዳ ላይ ጾም በሚያፈርሱ የሕክምና ነገሮች ላይ ሲወስን የአስም ፓፍን ጉዳይ ለተጨማሪ ጥናት አሳድሮታል። አንባቢ የሚያምነውን ዓሊም ይጠይቅ፤ እኛ እዚህ የምናነሳው ከፈትዋው አጠገብ ያለውንና ብዙም የማይነገርለትን የሕክምና ጥያቄ ነው።

ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ በእጁ ያለው ሰማያዊው ፓፍ፣ ሳልቡታሞል ብቻ ነው። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። አስም የአየር ቧንቧዎች መቆጣት ነው። ሳልቡታሞል የጠበበውን ቧንቧ በደቂቃዎች ውስጥ ይከፍታል፤ መቆጣቱን ግን አያበርድም። የሚያበርደው በየቀኑ የሚሳበው እንደ ቤክሎሜታዞንና ቡዴሶናይድ ያለው ስቴሮይድ ነው። እሱ ደግሞ ቀስ ብሎ ስለሚሠራ ሰው «ምንም አልረዳኝም» ብሎ ይተወዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 በብሪታንያ ይፋ የሆነ ብሔራዊ ምርመራ በአስም የሞቱ 195 ሰዎችን ጉዳይ አይቶ ነበር። ፈጣን ማስታገሻ ይታዘዝላቸው ከነበሩት ውስጥ 39 በመቶዎቹ በመጨረሻው ዓመታቸው ከ12 በላይ ፓፍ ወስደዋል። ያውም ሐኪም በቅርብ በሚገኝበት አገር! ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ ጂና እ.ኤ.አ. በ2019 ዐዋቂዎችና ታዳጊዎች በሳልቡታሞል ብቻ እንዳይታከሙ የመከረውም ለዚህ ነው።

መመሪያው አንድ ነገር ነው፤ ጤና ጣቢያ ውስጥ መተግበሩ ሌላ። አብዛኛውን የአስም ሕመምተኛ የሚያየው ስፔሻሊስት ሳይሆን ጠቅላላ ሐኪም፣ በእኛ አገር ደግሞ ጤና መኮንንና ነርስ ነው። መድኃኒቶቹ የተፈተሹት ግን በአብዛኛው በተመረጡ ሰዎች ላይ ነው፤ የሚያጨስ ወይም ሌላ በሽታ ያለበት ብዙውን ጊዜ ከጥናቱ ይወጣል። ጤና ጣቢያ በር ላይ ተሰልፎ የሚጠብቀው ግን ይኸው ሰው ነው። የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ የመተንፈሻ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2010 በመስኩ የሚያስፈልጉ ምርምሮችን ሲዘረዝር ቀላልና በየትኛውም ቦታ የሚሠሩ የመመርመሪያ ዘዴዎችን ጠይቋል። የሳንባ መለኪያ ማሽን በሌለበት፣ ሳልና ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ ያለበት ሰው አስም ይሁን ሌላ በምን ይለያል? ርካሹ የትንፋሽ መለኪያ ቱቦ ይበቃል?

ተራ የሚመስል ምርምር ምን ያህል እንደሚጠቅም አንድ ምሳሌ እናንሳ። ሕፃናት ፓፉን በትክክል መሳብ ስለማይችሉ በመሃል የሚገባ ዕቃ ያስፈልጋቸዋል፤ እሱ ደግሞ ውድ ነው። በደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን ሐኪሞች ግማሽ ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ጠርሙስ በስተኋላው ቀድደው ፓፉን አስገቡበት፣ ዙሪያውንም አሸጉት። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ውጤት በአስም በተነሳባቸው ልጆች ላይ ከተገዛው ዕቃ እኩል እንደሠራ አሳየ።

በእኛ ማኅበረሰብ ደግሞ የራሳችን ጥያቄዎች አሉ። የቡና ከሰል፣ ዕጣንና በኹር በተዘጋ ክፍል ውስጥ አስም ላለበት ልጅ ምን ያህል ይጎዳሉ? ጭስ አስምን እንደሚቀሰቅስ የታወቀ ነው፤ የቤቱን ወግ ሳያፈርስ እንዴት ይቀነስ የሚለው ግን ጥናት ይፈልጋል። ሕመምተኛው በረመዷን መድኃኒቱን ሲያቋርጥ ለጤና ባለሙያው ይነግራል ወይስ ይደብቃል? ኢማሙና ጤና መኮንኑ ተመካክረው ቢመክሩት ውጤቱ ይለያል ወይ?

እስከዚያው የሚደረግ ነገር አለ። ስቴሮይዱ ብዙ ጊዜ በቀን ሁለቴ ስለሚታዘዝ ከሱሑርና ከኢፍጣር ጋር ይገጥማል፤ ከሳቡ በኋላ አፍን መጉመጥመጥ አይዘንጋ። ትንፋሽ ሲያጥር ግን መግሪብን መጠበቅ የለም፤ ለታመመ ሰው ቀዷ ማውጣት በአል-በቀራህ 185 የተፈቀደ ነው። ከሸዕባን ሳይወጡ ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ፓፉን ይዘው ይሂዱና ባለሙያው ፊት ስበው ያሳዩት። ለዓመታት የተጠቀሙበት ሰዎች እንኳ ብዙዎቹ አሳሳቡን ይስታሉ።