ማይሏ ትንሽ፣ ዕድሜዋ ብዙ

የዋሽንግተን ቼሪ ሲያብብ፣ በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግም በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያም ጣሪያቸው የሚከፈት አሮጌ መኪኖች ለሽያጭ ይወጣሉ። የ2004 ማዝዳ ሚያታ 38 ሺህ ማይል ብቻ ተነድታለች ሲባል ልብ ይሸፍታል። ነገር ግን መኪና ቆማም ታረጃለች። ጎማው፣ ቺንጋው፣ የውሃ ቱቦውና የጣሪያው ጎሚኒ የሚደርቁት በዓመታት ብዛት ነው።

ምርመራውን ከጣሪያው ጀምሩ። ራሳችሁ ደጋግማችሁ ክፈቱት፣ ዝጉት። የሸራውን ስፌት እዩ፤ የኋላው መስኮት ፕላስቲክ ከሆነ ቢጫ አለመሆኑንና አለመሰንጠቁን አረጋግጡ። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የዝናቡ መውረጃ ነው። በሚያታ ላይ ውሃው ከመቀመጫዎቹ ጀርባ ግራና ቀኝ ባሉ ቀዳዳዎች በኩል ወደ መሬት ይፈስሳል። መኪናዋ ዛፍ ሥር ቆማ ከኖረች ቅጠልና አቧራ ይደፍናቸዋል። ያኔ ከበሩ ሥር ያለው ብረት ከውስጥ መዛግ ይጀምራል፤ ቀለሙ ሲያብጥ ሲታይ ብረቱ ብዙ ተበልቷል። በቀድሞዎቹ ፖርሽ ቦክስተሮች ደግሞ የገባው ውሃ መቀመጫ ሥር ያለውን የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን ያበላሻል። ስለዚህ ምንጣፉን አንሡ፣ በእጃችሁ ዳስሱ፣ ሽታውንም አሽትቱ። ሞተር ይጠገናል፤ የበሰበሰ አካል ግን ከመኪናዋ ዋጋ በላይ ሊያስወጣ ይችላል።

ጎማው ጎን ላይ ዲኦቲ ከሚሉት ፊደላት በኋላ የሚመጣው ቁጥር የመጨረሻዎቹ 4 አሃዞች ዕድሜውን ይናገራሉ፤ 2312 ከሆነ በ2012 23ኛው ሳምንት ተሠርቷል። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም እንዲህ ያረጀ ጎማ ይዛችሁ ዋሽንግተንን የሚዞረው ቤልትዌይ ላይ አትውጡ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ፣ የታይሚንግ ቺንጋም በዓመት ስለሚያረጅ፣ መቼ እንደተቀየሩ ደረሰኝ ጠይቁ።

ማይሉንስ ማን ያረጋግጣል? የ2010 እና ከዚያ በፊት ሞዴሎች ሲሸጡ የፌደራል ሕግ ሻጩን የማይል ማረጋገጫ እንዲሰጥ አያስገድደውም። ስለዚህ ቀንና ማይል የተጻፈባቸው የዘይት ቅያሬና የጋራዥ ወረቀቶች ያስፈልጋሉ። እኔ ብሆን ወረቀት ከሌላት 30 ሺህ ማይል መኪና ይልቅ፣ በየጊዜው የተሠራላትንና 90 ሺህ የተነዳችውን እመርጣለሁ።

ፊደላትና አሃዞች ተደምረው 17 የሚሆኑትን የመኪናዋን መለያ (ቪን) በፌደራሉ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ያልተፈጸመ የአምራቹ የጥገና ጥሪ (ሪኮል) መኖሩን እዩ። ለምሳሌ ታካታ የተባለው ኩባንያ የሠራው ኤርባግ፣ ሙቀትና እርጥበት በዓመታት እያዳከመው ሲፈነዳ የብረት ስብርባሪ እየረጨ ሰው ገድሏል፤ ከተጠሩት መካከል የፎርድ መስታንግና የቢኤምደብሊው መኪኖች ይገኛሉ። ቅያሬው በነጻ ነው።

ከአሌክሳንድሪያ ገዝታችሁ ሲልቨር ስፕሪንግ በመደበኛ ታርጋ ልትነዷት ካሰባችሁ፣ የቨርጂኒያ የምርመራ ስቲከር አይበቃም፤ ሜሪላንድ የራሷን የደህንነት ምርመራ ትጠይቃለች። የምርመራው ወረቀት የሚያገለግለው ለ90 ቀን ነው። ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት የራሳችሁ መካኒክ ሊፍት ላይ አውጥቶ ከሥር ይያት። ሻጩ ይህን ከከለከለ ግዢውን ተዉት።