ዲጂታል ኦሲሎስኮፕ የኤሌክትሪክን ሞገድ እንዴት ይለካል?

በሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ ትምህርት ተማሪዎች በቀላሉ ከማይጨብጧቸው አርእስት አንዱ ተለዋዋጭ ጅረት ነው። በቢቸናና በሞጣ የሚሠራጨው የመብራት ኃይል፣ እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ሁሉ፣ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ መሆኑን ተማሪው በቃሉ ይይዛል። ይሁን እንጂ ቮልቴጁ በየ20 ሚሊ ሴኮንዱ አንድ ዑደት እንደሚፈጽም፣ በዚያም ጊዜ ውስጥ ከዜሮ በላይና በታች እስከ 311 ቮልት እንደሚደርስ በዓይኑ ካላየ ዕውቀቱ የቃል ጥናት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ይህን ለማሳየት የሚያገለግለው መሣሪያ ኦሲሎስኮፕ ነው። የሚያሳየውን ሥዕል በትክክል ለማንበብ ግን ሥዕሉ እንዴት እንደተገኘ አስቀድሞ መረዳት ያስፈልጋል።

የአሠራሩ ደረጃዎች

ጀርመናዊው ሊቅ ካርል ፈርዲናንድ ብራውን እ.ኤ.አ. በ1897 ባስገኘው የካቶድ ጨረር ቱቦ ላይ የተመሠረቱት የቀድሞዎቹ መሣሪያዎች፣ የኤሌክትሮን ጨረር በቮልቴጁ ኃይል ወደ ላይና ወደ ታች እየተሳበ ሞገዱን በመስተዋቱ ላይ በቀጥታ እንዲሥል ያደርጉ ነበር። ዲጂታሉ ኦሲሎስኮፕ ግን የሚሠራው በቁጥር ነው።

አንደኛ፣ የገባው ቮልቴጅ ለመሣሪያው በሚስማማ መጠን ይቀነሳል ወይም ይጎላል። ሁለተኛ፣ የኳርትዝ ሰዓት በሚሰጠው ምት መሠረት ቮልቴጁ በእኩል የጊዜ ልዩነት ይለካል፤ እያንዳንዱም ልኬት ናሙና ይባላል። ሦስተኛ፣ ናሙናው ወደ ቁጥር ይለወጣል። ባለ 8 ቢት መሣሪያ 256 ደረጃዎች ስላሉት፣ ሙሉ ስፋቱ 40 ቮልት ሲሆን አንዱ ደረጃ 0.16 ቮልት ያህል ይሆናል። አራተኛ፣ ቁጥሮቹ በማኅደረ ትውስታ ተከማችተው፣ እንደ ነጥብ ተደርድረውና በመስመር ተያይዘው በማሳያው ላይ ይቀርባሉ። ትሪገር የሚባለው ክፍል ሥዕሉ ዘወትር ከሞገዱ ተመሳሳይ ነጥብ እንዲጀምር በማድረግ እንዳይዋልል ይጠብቀዋል።

በሴኮንድ 10,000 ናሙና ቢወሰድ ለአንዱ የ50 ኸርዝ ዑደት 200 ነጥቦች ይደርሱታል፤ ሥዕሉም የታመነ ይሆናል።

በናሙናዎች መካከል ያለው ክፍተት

መሣሪያው በሁለት ናሙናዎች መካከል የሆነውን አያውቅም። ይህን ለተማሪው ለማስረዳት ሳምንታዊ ገበያ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ከቢቸና እየተነሣ በገበያው ዕለት ብቻ ሞጣ የሚገባ መንገደኛ፣ ከተማዋ ዘወትር በገበያ የተሞላች ብትመስለው አይፈረድበትም። በየጉዞው አንድ ቀን እየዘገየ፣ ማለት በ8 ቀን ልዩነት ቢመላለስ ደግሞ ገበያውን እንደገና የሚያገኘው ከ56 ቀን በኋላ ስለሚሆን፣ ሳምንታዊው ገበያ በ56 ቀን አንድ ጊዜ የሚቆም ይመስለዋል። መንገደኛው ያየው ሁሉ እውነት ነው፤ የደረሰበት መደምደሚያ ግን ስሕተት ነው።

በኦሲሎስኮፕም የሚያጋጥመው ይኸው ነው። 2,500 ናሙና ብቻ የሚይዝ መሣሪያ የ50 ሴኮንድ ጊዜ እንዲያሳይ ቢስተካከል በየሴኮንዱ የሚቀርለት 50 ናሙና ብቻ ነው። ናሙናው በየ20 ሚሊ ሴኮንዱ፣ ሁልጊዜ ከዑደቱ አንድ ሥፍራ ስለሚወሰድ፣ ተለዋዋጩ ጅረት ቀጥተኛ መስመር ሆኖ ይታያል። ስለዚህ የናሙናው ፍጥነት ከሞገዱ ከፍተኛ ድግግሞሽ ከ2 እጥፍ በላይ መሆን አለበት፤ ለክፍል ሥራ ግን 10 እጥፍና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል።

ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

መምህሩ የጊዜውን ማስተካከያ ሆን ብሎ በማዞር ትክክለኛውንም አሳሳቹንም ሥዕል ለተማሪዎች ቢያሳይ፣ የመሣሪያን ውጤት መርምሮ የመቀበል ልማድ ያስተምራል። ሆኖም ፕሮቡን በግድግዳው ሶኬት ላይ በቀጥታ ማገናኘት ፈጽሞ አይገባም። የፕሮቡ መቆንጠጫ አብዛኛውን ጊዜ ከመሬት ሽቦ ጋር የተያያዘ በመሆኑ አደጋ ያስከትላል። ኃይሉን ወደ 6 ቮልት በሚያወርድና ከመስመሩ በሚለይ ትራንስፎርመር መጠቀም ያሻል።

ዕቅድ አውጪዎችም መሣሪያ ሲመርጡ በሜጋኸርዝ የተጻፈውን ብቻ ሳይሆን የናሙናውን ፍጥነትና የማኅደረ ትውስታውን መጠን ጭምር ማመዛዘን ይኖርባቸዋል። ለ50 ኸርዝ ትምህርት አነስተኛው መሣሪያ ከበቂ በላይ ነው። ከዋጋው የሚተርፈው ገንዘብ ለትራንስፎርመር፣ ለትርፍ ፕሮቦችና ለመምህራን ሥልጠና ቢውል፣ ኦሲሎስኮፑ በቁም ሣጥን ተቆልፎበት ከመቀመጥ ይድናል።