ጩኸቱን ለሰልፍ ሜዳ ተዉት

የጀማሪ ኩባንያ መሪዎች የጦር ወሬ ይወዳሉ። ስብሰባቸው ላይ “ግንባር” እና “ዘመቻ” አይጠፋም። ከሠራዊት የሚወስዱት ግን አብዛኛውን ጊዜ ጩኸቱን ነው። እኔ በሞተር ምግብ የሚያደርስ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ስምሪት እመራለሁ፤ ሥራዬን ያቀለለልኝ የሠራዊት ሌላው ልማድ ነው።

የፕሩሲያ ጦር እ.ኤ.አ. በ1806 የና ከተማ አጠገብ በናፖሊዮን ከተደቆሰ በኋላ መኮንኖቹ አሠራራቸውን እንደገና ፈተሹ። ውሎ አድሮ በኤታማዦር ሹሙ በሞልትከ ዘመን የጎለበተው ልማድ ይህ ነው፦ አዛዡ የሚፈለገውን ውጤትና ምክንያቱን ይናገራል፤ አፈጻጸሙን ቦታው ላይ ያለው ይወስናል።

እኛ ጋ ቀድሞ መገናኛ ላይ መንገድ የተዘጋበት ሞተረኛ “ምን ላድርግ?” ብሎ ይደውላል። ስምሪት ክፍሉ እኔን ይጠይቃል፣ እኔ ምግብ ቤቱን። እስከዚያ ጥብሱ ይቀዘቅዛል። አሁን ጠዋት የምንነግራቸው አጭር ነው፦ ምግቡ ትኩሱን ይድረስ፤ የሚዘገይ ከሆነ ደንበኛው ሳይደውል እናንተ ደውሉ፤ ተጨማሪ ወጪ ካለው ብቻ ጠይቁን። አንድ ቀን ዝናብ ሲጥል ሁለት ሞተረኞች መንገድ ላይ ተገናኝተው ዕቃ ተለዋወጡ፤ አንዱ ወደ ሲኤምሲ፣ ሌላው ወደ ቦሌ። ማንም አላዘዛቸውም።

ሁለተኛው ትምህርት የአሜሪካ ጦር ከልምምድ በኋላ የሚያደርገው ውይይት ነው። ምን ታቅዶ ነበር? ምን ሆነ? ለምን ተለያየ? ቀጥሎ ምን ይደረግ? እዚያ ማዕረግ አፍ አይዘጋም። እኛ አገር ግምገማ ሲባል ሰው ጥፋተኛ ፍለጋ ስለሚመስለው፣ አለቃው መጨረሻ ላይ ካልተናገረ ማንም ደፍሮ አይናገርም።

ስንቅንም አትርሱ። በየካቲት 1888 ዓ.ም. የጣሊያኑን ጄኔራል ባራቲየሪን ከምሽጉ አውጥቶ ወደ ዓድዋ የገፋው የሮም ውትወታ ብቻ አልነበረም፤ ስንቁ እያለቀ ነበር። ገንዘቡ ሊያልቅ ሲል ባለሀብት የሚፈልግ ኩባንያም ያገኘውን ውል ይፈርማል።

የሠራዊትና የኩባንያ ልዩነት ግን ትልቅ ነው። ወታደር ትእዛዝ ስላልጣመው መልቀቂያ አያስገባም፤ ሞተረኛውም ፕሮግራመሩም ያስገባሉ። ሠራተኛውን እንደ ምልምል የሚያሰልፍ ሥራ አስኪያጅ ካጋጠማችሁ፣ አስቀድማችሁ የወሩን ደመወዝ ከፍሎ እንደሆነ ጠይቁት።