የቴሌፎን ቁጥር የማን ነው?

የኢንተርኔት ቴሌፎን ደንበኞች ኩባንያ ሲለውጡ ስላላቸው መብት

ንግድ በያዘ ሰው ዘንድ የቴሌፎን ቁጥር ማለት ከሱቁ በር በላይ እንደ ተሰቀለው ሰሌዳ ያለ ነገር ነው። ቁጥሩ በደረሰኙ ላይ ታትሟል፤ በመስተዋቱ ላይ ተጽፏል፤ በደንበኞቹም ማስታወሻ ደብተር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተቀምጧል። ነጋዴው ሱቁን ከአንዱ መንገድ ወደ ሌላው ቢያዛውር እንኳ፥ ቁጥሩ እስካልተለወጠ ድረስ ደንበኛው ፈልጎ ያገኘዋል። ቁጥሩ የጠፋበት ዕለት ግን፥ ዕቃው በመደርደሪያው ላይ እንደ ተደረደረ፥ ሱቁ የተዘጋ ያህል ይሆናል።

ታዲያ ይህ ቁጥር የማን ነው? በየወሩ ሒሳቡን የሚከፍለው የነጋዴው ነውን? ወይስ መስመሩን የሰጠው የኩባንያው? ነገሩ የሕግ ሊቃውንት ብቻ የሚከራከሩበት ይመስላል። ሆኖም አንድ ደንበኛ በአገልግሎቱ ተማርሮ ወይም ረከስ ያለ ዋጋ አግኝቶ ወደ ሌላ ኩባንያ ልሂድ ባለ ጊዜ የቀድሞው ኩባንያ «ቁጥሩን አልለቅም» ቢለው፥ ጥያቄው የእንጀራ ጥያቄ ይሆናል። ይህ ችግር ይልቁንም የሚታየው ድምፅን በኢንተርኔት በሚያስተላልፉት ኩባንያዎች ዘንድ ስለሆነ፥ ስለ እነርሱና ስለ ደንበኞቻቸው መብት ጥቂት ለመጻፍ አስበናል። ምሳሌያችንን ከአሜሪካ እንወስዳለን፤ በዚያ አገር ስለ ኢንተርኔት ቴሌፎን ተለይቶ የተጻፈ ደንብ አለና። ደግሞም በዋሺንግተንና በአካባቢዋ ምግብ ቤት፥ የጉዞ ወኪል ቢሮና የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ከፍተው የሚኖሩት ያገራችን ልጆች ብዙዎች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በቀድሞው ሥርዓት ቴሌፎን ማለት ከደንበኛው ቤት እስከ ማዕከሉ የተዘረጋ የመዳብ ሽቦ ነበር። ቁጥሩም ከሽቦው ጋር የተጣበቀ ስለ ነበረ፥ ሽቦውን የተወ ሰው ቁጥሩንም ይተው ነበር። የኢንተርኔት ቴሌፎን ግን የራሱ ሽቦ የለውም። ደንበኛው ከየትኛውም ኩባንያ በገዛው የኢንተርኔት መስመር ላይ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ይሰካል፤ ድምፁም እንደ ማናቸውም ጽሑፍና ሥዕል ተከፋፍሎ በዚያው መስመር ይሄዳል። ዋጋው ከአሮጌው ቴሌፎን የረከሰ በመሆኑ፥ ይልቁንም ወደ ባሕር ማዶ አዘውትሮ ለሚደውል ሰው የሚስማማ በመሆኑ፥ ከ2000 ወዲህ ባሉት ዓመታት እጅግ ብዙ ደንበኞች አገኘ።

ይሁንና ደንበኛው የማያየው አንድ ነገር ከበስተኋላ ነበረ። እነዚህ አዳዲስ ኩባንያዎች ቁጥር የሚያገኙት በቀጥታ አልነበረም። አብዛኞቹ ቁጥር የሚወስዱት ፈቃድ ካለው ከሌላ የቴሌፎን ኩባንያ ነበር። ስለዚህ ደንበኛው ውል የገባው ከአንዱ ጋር ሲሆን፥ ቁጥሩ የተመዘገበው በሌላው፥ ስሙን እንኳ ሰምቶት በማያውቀው ኩባንያ ስም ነበር። በ2015 ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ለኢንተርኔት ቴሌፎን ኩባንያዎች በቀጥታ ቁጥር መውሰድን ፈቀደላቸው፤ ሆኖም በሌላ ኩባንያ በኩል የሚሠሩት አልጠፉም። ቁጥሩን ለማዛወር የሚጠይቅ ደንበኛ «ከእኛ ዘንድ አይደለም፤ እነ እገሌን ጠይቅ» የሚል መልስ የሚሰማው ከዚህ የተነሣ ነው። እነ እገሌም በበኩላቸው «አንተ የእኛ ደንበኛ አይደለህም» ይሉታል። ሰውዬው በሁለቱ መካከል ሲመላለስ ወሩ ያልቃል።

ነገሩ ምን ያህል ከባድ ሊሆን እንደሚችል በ2007 ታየ። ሰንሮኬት የሚባል የኢንተርኔት ቴሌፎን ኩባንያ ከዋሺንግተን ብዙም በማትርቀው፥ ቪየና በምትባለው የቨርጂኒያ ከተማ ተቀምጦ፥ ለዓመት 199 ዶላር በቅድሚያ ለሚከፍል ሁሉ ቴሌፎን እሰጣለሁ እያለ ደንበኛ ይሰበስብ ነበር። በዚያ ዓመት በሐምሌ ወር በድንገት ሥራውን አቆመ። በዚያን ጊዜ ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ደንበኞች ነበሩት። በቅድሚያ የተከፈለው ገንዘብ መቅረቱ አንድ ጉዳት ነው፤ ነገር ግን ደንበኞቹን ይበልጥ ያስጨነቃቸው መስመሩ ጨርሶ ከመሞቱ በፊት ቁጥራቸውን ወደ ሌላ ኩባንያ ማሻገሩ ነበር። የሚጠይቁት ሰው በሌለበት ቢሮ ቁጥርን ማስለቀቅ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ አንባቢ ይገምተው።

የአሜሪካ ሕግ ስለ ቁጥር መናገር የጀመረው በ1996 በወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን አዋጅ ነው። አዋጁ የቴሌፎን ኩባንያዎች ሁሉ ደንበኛው ኩባንያ ሲለውጥ ቁጥሩን ይዞ እንዲሄድ የማድረግ ግዴታ አለባቸው አለ። በ2003 መጨረሻ የተንቀሳቃሽ ስልክ ኩባንያዎችም በዚህ ሥርዓት ውስጥ ገቡ። የኢንተርኔት ቴሌፎን ግን «እኛ የቴሌፎን ኩባንያ አይደለንም፤ የኢንተርኔት አገልግሎት ነን» እያለ በሁለት ቤት መካከል ቆሞ ነበር። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን የሚባለው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ይህን በር የዘጋው፥ ሰንሮኬት ከተዘጋ ከጥቂት ወራት በኋላ በኅዳር 2007 ባወጣው ትእዛዝ ነው። ከመደበኛው ቴሌፎን ጋር የተገናኘ፥ ይህም ማለት ደንበኛው ወደ ማናቸውም ቁጥር የሚደውልበትና ከማናቸውም ቁጥር የሚደወልለት የኢንተርኔት ቴሌፎን ሁሉ፥ ቁጥርን የማዛወር ግዴታ ተጣለበት።

ከደንቡ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ቃል አለ። ኩባንያው ማዛወሩን «ማመቻቸት» ይገባዋል ይላል፤ ማመቻቸት ማለትም ምን እንደሆነ ያስረዳል። ኩባንያው ራሱ ወይም ቁጥሩን ባገኘበት በሌላው ኩባንያ በኩል፥ ቁጥሩ እንዲለቀቅ የሚያስፈልገውን እርምጃ ሁሉ መውሰድ አለበት፤ ያለ በቂ ምክንያት ማዘግየት ወይም ሰውን የሚያሰለች ሥነ ሥርዓት ማብዛት አይፈቀድለትም። እንግዲህ «እነ እገሌን ጠይቅ» የሚለው መልስ በሕጉ ፊት መልስ አይደለም። ከእነ እገሌ ጋር የመነጋገሩ ሥራ የኩባንያው እንጂ የደንበኛው አይደለምና።

ቁጥሩን ማዛወር በሥራው በኩል የማይቻል ነው የሚለውም ምክንያት ብዙውን ጊዜ አይጸናም። ዛሬ ቁጥር ከሽቦ ጋር የተጣበቀ አይደለም። አንድ ሰው በአሜሪካ ውስጥ ቁጥር በደወለ ጊዜ፥ የደዋዩ ኩባንያ ጥሪውን ከመላኩ በፊት አንድ የጋራ መዝገብ ይጠይቃል፤ መዝገቡም «ይህ ቁጥር ዛሬ በእገሌ ኩባንያ ማዕከል ይገኛል» ብሎ ይመልሳል። ቁጥር ተዛወረ ማለት በዚህ መዝገብ ላይ አንድ መስመር ተለወጠ ማለት ነው። ኮሚሽኑም በ2009 ባወጣው ትእዛዝ፥ ነገሩ ውስብስብ ካልሆነ፥ ማለትም የአንድ መስመር ጉዳይ ከሆነ፥ በአንድ የሥራ ቀን እንዲፈጸም አዘዘ። ብዙ መስመሮች ያሉት ድርጅት ግን ከዚህ የረዘመ ጊዜ መጠበቅ አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር እንመጣለን፤ እርሱም የዕዳ ነገር ነው። ኩባንያዎቹ አዘውትረው የሚያቀርቡት ምክንያት «ያልተከፈለ ሒሳብ አለብህ» ወይም «ውልህ ሳይፈጸም ስለምትሄድ መቀጫውን ክፈል፤ ከዚያ በኋላ ቁጥሩን እንለቃለን» የሚል ነው። ለነጋዴ ይህ ተገቢ ሊመስለው ይችላል፤ ዕዳ ያለበት ሰው መያዣውን ሳያስለቅቅ አይሄድምና። ነገር ግን መያዣ የሚሆነው የባለዕዳው ንብረት ነው። የቴሌፎን ቁጥር ደግሞ በአሜሪካ ሥርዓት የደንበኛውም የኩባንያውም የግል ንብረት አይደለም፤ በመንግሥት ተቆጣጣሪነት የሚታደል የሕዝብ ሀብት ነው። ኩባንያው የራሱ ያልሆነውን መያዣ አድርጎ ሊይዝ አይችልም። ስለዚህ ኮሚሽኑ፥ ደንበኛው ያልከፈለው ሒሳብ ወይም የውል ማፍረሻ መቀጫ ቢኖርበት እንኳ የቀድሞው ኩባንያ ቁጥሩን አልለቅም ማለት እንደማይችል በግልጽ ይናገራል። ዕዳው ግን ዕዳ ሆኖ ይቀራል። ኩባንያው በውሉ መሠረት ሊጠይቅ፥ ቢያስፈልገውም ሊከስ ይችላል፤ ቁጥሩን ይዞ የሄደ ሰው ከዕዳው አመለጠ ማለት አይደለም። ይህን የማይገነዘቡ ደንበኞች መኖራቸውን ሳንጠቅስ ብናልፍ ለኩባንያዎቹ ፍርድ ማጓደል ይሆንብናል።

ሁለተኛው ምክንያት የማስረጃ አለመስማማት ነው። ስሙ በአንድ ፊደል ተለየ፤ አድራሻው የቀድሞው ነው፤ ማመልከቻው ተመለሰ። የ2007ቱ ትእዛዝ ግን፥ ጉዳዩ ቀላል በሆነ ጊዜ፥ ጠያቂው እውነተኛው ደንበኛ መሆኑን ለማረጋገጥ ከአራት ነገሮች በላይ እንዳይጠየቅ ወስኗል፤ እነርሱም የቴሌፎኑ ቁጥር፥ የደንበኛው የሒሳብ መለያ ቁጥር፥ ባለ አምስት አሐዝ የፖስታ ቁጥርና፥ ደንበኛው አውጥቶ እንደሆነ፥ የምስጢር ቁጥሩ ናቸው። የኛ ሰዎች ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ በየመዝገቡ ልዩ ልዩ መልክ ስለሚይዝ፥ ስም በዚህ ዝርዝር ውስጥ አለመግባቱ ለእነርሱ ቀላል ጥቅም አይደለም። የሆነ ሆኖ ኩባንያው ስለ ምስጢር ቁጥሩ መጠንቀቁ አያስነቅፈውም። የሌላውን ሰው ቁጥር በተንኮል ወደ ራሳቸው አዛውረው ባንክ የሚልከውን የምስጢር መልእክት የሚቀበሉ ሌቦች አሉና።

ይህ ሁሉ ሲባል መብቱ ወሰን እንዳለው መታወቅ አለበት። አዲሱ ኩባንያ ቁጥሩን የመቀበል ግዴታ የለበትም። ከአንድ አውራጃ ወደ ራቀ ሌላ አውራጃ የሚዛወር ሰውም የቀድሞ ቁጥሩን ይዞ መሄድ ላይችል ይችላል። በ800 የሚጀምሩትና ክፍያው በተቀባዩ ላይ የሚወድቀው ቁጥሮች ደግሞ በሌላ ሥርዓት ይተዳደራሉ።

ከሁሉም ይልቅ ሰዎች የሚጎዱበት ስሕተት ግን የራሳቸው ነው። ተቆጥተው ለቀድሞው ኩባንያ ይደውሉና «ከዛሬ ጀምሮ አገልግሎታችሁን አልፈልግም» ብለው ያቋርጣሉ፤ ከዚያ በኋላ አዲሱን ኩባንያ ይፈልጋሉ። በዚህ ጊዜ ቁጥሩ ከእጃቸው ወጥቶ ወደ ኩባንያው ማከማቻ ይመለሳል፤ ሊሰጥም የሚችለው ለሌላ ሰው ነው። የተቋረጠ ቁጥርን ማዛወር አይቻልም። መደረግ የሚገባው ተቃራኒው ነው። ደንበኛው በመጀመሪያ ወደ አዲሱ ኩባንያ ይሄዳል፤ የመጨረሻውን የሒሳብ ወረቀት ቅጂ አያይዞ በፈቃድ ደብዳቤው ላይ ይፈርማል፤ አዲሱ ኩባንያ ራሱ ለቀድሞው ያመለክታል፤ ቁጥሩ በአዲሱ መስመር መጥራት ከጀመረ በኋላ ብቻ የቀድሞው አገልግሎት ይዘጋል።

በዚህ ረገድ የኤውሮፓ ኅብረት በ2018 ያወጣው ሕግ ለደንበኛው ይበልጥ ይራራለታል። ውሉን ያፈረሰ ደንበኛ ቢያንስ ለአንድ ወር ቁጥሩን የማዛወር መብቱ ይጠበቅለታል፤ ለማዛወሩም ከደንበኛው ክፍያ አይጠየቅም። ከጎረቤቶቻችን ኬንያ በሚያዝያ 2011 የተንቀሳቃሽ ስልክ ቁጥርን ይዞ መዛወርን ፈቅዳለች። በኢትዮጵያ እስከ 2022 ድረስ የቴሌፎን አገልግሎት በአንድ ድርጅት እጅ ብቻ ስለ ነበረ፥ ቁጥርን ይዞ ወዴት እንሂድ የሚል ጥያቄ ሊነሣ አይችልም ነበር። በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር ሁለተኛው ኩባንያ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ግን ጥያቄው ለአስተዳዳሪዎቻችንም የራሳቸው ጉዳይ ሆኗል። እነርሱም ደንብ ሲጽፉም ሆነ ሲያስፈጽሙ፥ የኢንተርኔት ቴሌፎን በአሜሪካ ለአሥራ አንድ ዓመት ያህል ከሕጉ ውጭ ቆሞ እንደ ነበረ ቢያስታውሱ ይበጃል።

ቁጥሩን የተከለከለ የአሜሪካ ደንበኛ አቤቱታውን ያለ አንዳች ክፍያ ለፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ማቅረብ ይችላል፤ ጠበቃም አያስፈልገውም። ኮሚሽኑ አቤቱታውን ለኩባንያው ያስተላልፋል፤ ኩባንያውም በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መመለስ አለበት። በአቤቱታው ውስጥ ማመልከቻው የገባበት ቀን፥ የተመለሰበት ቀንና ምክንያቱ ሊጻፍ ይገባል፤ ምክንያቱን አዲሱ ኩባንያ በጽሑፍ ስለሚያውቀው፥ ቅጂውን ከእርሱ መጠየቅ ነው። ሠላሳ ቀን ለነጋዴ ረጅም ጊዜ ነው። እስከዚያው ድረስ የቀድሞውን መስመር ሒሳብ ሳያቋርጡ መክፈል፥ ጥሪውንም ወደ አዲሱ ቁጥር እንዲያስተላልፍ ማድረግ ይቻላል፤ ለሁለት ኩባንያ መክፈል ቢያስቆጭም፥ መስመሩ ከተቋረጠ አቤቱታው የሚያድነው ቁጥር አይኖርም።