ኪሊማንጃሮ፤ ቀስ ተብሎ የሚወጣ ተራራ

ደጋ ያደገ ሰው ውርጭን ያውቃል። በረዶ ሲጥልም አይቷል። ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ በረዶ ለብሶ የሚኖር ተራራ በአገራችን የለም። እኛ አስተማሪዎቻችሁም እንዲህ ያለውን ተራራ የምናውቀው በመጽሐፍና በካርታ ነው። እስቲ ዛሬ በንባብ አብረን እንውጣ።

ተራራው ኪሊማንጃሮ ይባላል። የሚገኘው በታንዛኒያ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 5,895 ሜትር ነው። በአፍሪካ የሚበልጠው የለም። የእኛው ራስ ደጀን 4,550 ሜትር ያህል ነው።

በሞቃት አገር በረዶው ከየት መጣ? ቆላና ደጋን የሚያውቅ ሰው መልሱ አይጠፋውም። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይበርዳል። ከግርጌው የቻጋ ሕዝብ ሙዝና ቡና ያለማል። ከዚያ በላይ ደን፣ ከደኑ በላይ ቁጥቋጦ፣ ቀጥሎ ባዶ ድንጋይ፣ መጨረሻ ላይ በረዶ ነው።

የመውጫ መንገዶቹ ብዙ ናቸው። ሁለቱን እናንሳ። በማራንጉ መንገድ የእንጨት ማደሪያ ቤቶች አሉ። ሰው በ5 ወይም በ6 ቀን ደርሶ ይመለሳል። የማቻሜ መንገድ ዳገት ይበዛዋል። የሚታደረው በድንኳን ነው። 6 ወይም 7 ቀን ይፈጃል።

ታዲያ አጭሩ ይሻላል? አይደለም። በማቻሜ መንገደኛው ቀን እስከ 4,600 ሜትር ገደማ ይወጣል፤ ለማደር ግን ወደ 3,900 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ድካሙ ከንቱ አይደለም። ሰውነት ስስ አየርን የሚለምደው እንዲህ ነው።

ጫፉ ላይ አንዴ ስንተነፍስ የምናገኘው ኦክሲጂን በባሕር ዳርቻ ከምናገኘው ግማሽ ያህል ነው። ኦክሲጂን በሕይወት የሚያቆየን የአየር ክፍል ነው። የቸኮለ ሰው ራሱን ያመዋል፤ ያስመልሰዋል። ከተንገዳገደ ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው ነገሩ ብሷል። ያኔ ጊዜ ሳያጠፉ መውረድ ነው። «ጎበዝ ነኝ» ብለው ገፍተው የሞቱ አሉ። መንገድ መሪዎቹ በስዋሂሊ «ፖሌ ፖሌ» ይላሉ፤ ቀስ በቀስ ማለት ነው። እኛስ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንል የለም?

ሐንስ ማየር የተባለ ጀርመናዊ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1887 ሞክሮ በረዶው መለሰው። በ1889 ግን በየደረጃው ሠፈር አቋቁሞ፣ ስንቅ አከማችቶ፣ ከኦስትሪያዊው ሉድቪግ ፑርትሼለር ጋር ጫፉ ላይ ደረሰ። ስንቁን ማን ተሸከመ? አፍሪካውያን ተሸካሚዎች ናቸው። ዛሬም ድንኳኑንና ምግቡን የሚያወጡት እነርሱ ናቸው። ለአንድ ሰው የተፈቀደው ሸክም 20 ኪሎ ነው።

ታንጋኒካ በ1961 ነፃ ስትወጣ አሌክሳንደር ኒሬንዳ የተባለ መኮንን ጫፉ ላይ ችቦ አቆመ። ጫፉም ኡሁሩ ተባለ፤ ነፃነት ማለት ነው።

በረዶው ግን እየመነመነ ነው። ከ1912 እስከ 2007 ከአምስት እጁ አራት እጁ በላይ ጠፍቷል።

ጥያቄ፦ ከአጭሩና ከረጅሙ መንገድ እናንተ የትኛውን ትመርጣላችሁ? ለምን? ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተወያዩበት።