ኦፍሳይድ፡ የመስመር ሳይሆን የሰከንድ ክርክር

በዲኤስቲቪ ቤቶች እንደ ኦፍሳይድ ጩኸት የሚያስነሳ ውሳኔ የለም። ምስሉ ቆሞ ሲታይ ግማሹ ቤት «ግልጽ ነው» ይላል፤ ሌላው ግማሽ «ሌባ!» እያለ በመስመር ዳኛው ላይ ያወርድበታል። ሁለቱም ወገን የሚያየው ያንኑ አንድ የቆመ ምስል ነው። ሜዳው ላይ ግን ማንም አልቆመም ነበር። አጥቂው ወደ ግብ፣ ተከላካዩ ወደ መሃል እየሮጡ ነበር። ስለዚህ ነገሩን የሚፈታው መስመር ማስመር ብቻ አይደለም። ተማሪ ቤት «ሁለት መኪኖች ከሁለት ከተማ ተነስተው…» እየተባለ ያስጨንቀን የነበረው የሒሳብ ጥያቄ እዚህ ጋ ይመጣል። እስቲ በኳስ ቋንቋ እንሥራው።

ቦልትም ከቆመበት ሲነሳ

«በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ይሮጣል» የሚባልለት አጥቂ ብዙ ነው። ይህ ቁጥር ተጫዋቹ ለአፍታ የደረሰበት ከፍተኛ ፍጥነት እንጂ አማካይ ፍጥነቱ አይደለም። አማካይ ፍጥነት የሚገኘው የተሮጠው ርቀት በሙሉ ለፈጀው ጊዜ በሙሉ ሲካፈል ነው።

ዩሴን ቦልትን እንውሰድ። እ.ኤ.አ በ2009 በርሊን ላይ 100 ሜትርን በ9.58 ሰከንድ ሲጨርስ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 37.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ከ60ኛው እስከ 80ኛው ሜትር ያለውን ርቀት በ1.61 ሰከንድ ሲያልፈው ወደ 44.7 ወጣ። የመጀመሪያው 20 ሜትር ግን 2.89 ሰከንድ ፈጅቶበታል። ሲሰላ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ብቻ!

አሁን አንድ ተከላካይ ቀድሞ በሰከንድ 7 ሜትር እየሮጠ ነው እንበል። እሱ 20 ሜትሩን በ2.86 ሰከንድ ይጨርሳል። ከቆመበት የተነሳውን ቦልትን ቀደመው ማለት ነው! ኳሷ እስክትመታ ቆሞ የሚጠብቅ አጥቂ ዋጋ የለውም የሚባለው ለዚህ ነው። ፊሊፖ ኢንዛጊ ከፈጣኖቹ አጥቂዎች ተርታ ሳይሰለፍ ዘመኑን በመስመሩ ላይ እየተንሸራተተ የኖረው ይህ ገብቶት ነው። እ.ኤ.አ በ2007 በአቴንሱ ፍጻሜ ሚላን ሊቨርፑልን 2ለ1 ሲረታ፣ ሁለተኛዋን ጎል ያስቆጠረው ካካ በተከላካዮች መሃል የሰነጠቀለትን ኳስ ይዞ ነው።

ሲከታተሉ ይቀነሳል

አጥቂው አመለጠ እንበል። በሰከንድ 8 ሜትር ይሮጣል፤ 3 ሜትር ከኋላው ያለው ተከላካይ ደግሞ በ8.5 ይከተለዋል። ተከላካዩ ፈጣን ነውና ይደርስበታል ብለን እንፈርዳለን። መቼ?

ሁለቱ የሚሮጡት ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሆነ አንጻራዊ ፍጥነታቸው የሁለቱ ልዩነት ነው፤ በሰከንድ ግማሽ ሜትር። 3 ሜትሩን ለመዝጋት 6 ሰከንድ ያስፈልጋል። በ6 ሰከንድ ተከላካዩ 51 ሜትር ሮጧል። 105 ሜትር የሚረዝም ሜዳ ግማሹ 52.5 ሜትር ነው። ከመሃል ሜዳ ከተነሱ የሚገናኙት የግቡ አፍ ላይ ነው ማለት ነው፤ ያኔ ኳሷ መረብ ውስጥ ናት። «አልሮጠም» ተብሎ የሚሰደበው ተከላካይ ብዙ ጊዜ ሮጧል፤ ሒሳቡ ነው ያልደረሰለት።

ይህን እኛ ኢትዮጵያውያን ከሲድኒ በደንብ እናውቀዋለን። እ.ኤ.አ በ2000 ኃይሌ ገብረሥላሴ 10 ሺህ ሜትሩን በ27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ፣ ፖል ቴርጋት በ27 ደቂቃ ከ18.29 ሲጨርሱ የሁለቱ አማካይ ፍጥነት በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። በአማካይ ካየነው ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ወርቁን ከብር የለየው ቴርጋት አስቀድሞ አፈትልኮ የከፈተው ክፍተት በመጨረሻዎቹ ሜትሮች በትንሽ በትንሹ መዘጋቱ ነው።

ሲተላለፉ ይደመራል

ወደ ኦፍሳይዱ እንመለስ። እዚህ ነገሩ ይገለበጣል። አጥቂው በሰከንድ 7 ሜትር ወደ ግብ ይሮጣል፤ የተከላካይ መስመሩ ወጥመዱን ለመሥራት በሰከንድ 3 ሜትር ወደ ፊት ይወጣል። አቅጣጫቸው ተቃራኒ ነውና ይደመራል፤ 10 ሜትር በሰከንድ። ኳሷ ስትመታ ትከሻ ለትከሻ የነበሩ ሁለት ሰዎች ከአንድ አሥረኛ ሰከንድ በኋላ 1 ሜትር ተራርቀዋል!

የመስመር ዳኛው ደግሞ ኳሷን የሚመታውን እግር ማየት አለበት፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ መስመሩ መመለስ አለበት። ስፔናዊው ሐኪም ፍራንሲስኮ ቤልዳ ማሩዌንዳ እ.ኤ.አ በ2004 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ባወጡት ጽሑፍ፣ ዳኛው ቢያንስ አምስት ነገሮችን (ሁለት አጥቂ፣ ሁለት ተከላካይና ኳሷን) በአንድ ቅጽበት መያዝ እንዳለበትና የሰው ዓይን ግን ይህን እንደማይችል አስረድተዋል። ዓይኑ ሲዞር አንድ አሥረኛ ሰከንድ ብቻ ቢያልፍበት 1 ሜትር ተሳስቷል። ሰውየው ሌባ አይደለም፤ ሰው ነው።

ካሜራስ? በዚያው በ10 ሜትር ፍጥነት እንሂድ። በሰከንድ 25 ምስል የሚያሳይ ተራ ቴሌቪዥን ከአንዱ ምስል እስከ ቀጣዩ 40 ሴንቲ ሜትር ያመልጠዋል። በሰከንድ 50 ጊዜ የሚቀርጽ ካሜራ 20 ሴንቲ ሜትር። በ2022 የኳታሩ ዓለም ዋንጫ 12 ካሜራዎች የእያንዳንዱን ተጫዋች 29 የሰውነት ነጥቦች በሰከንድ 50 ጊዜ ይከታተሉ ነበር፤ ኳሷ ውስጥ የተቀመጠው ሴንሰር ደግሞ በሰከንድ 500 ጊዜ ምልክት ይልካል። በሁለት ምልክት መሃል የሚታለፈው ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ወረደ። እግርና ኳስ የሚነካኩበት ጊዜ ራሱ አንድ መቶኛ ሰከንድ ገደማ ነው። በዚያ ፍጥነት ይህም 10 ሴንቲ ሜትር ነውና ሕጉ የሚቆጥረው የመጀመሪያውን ንክኪ ነው።

የዶርትሙንዷ አንድ ሴንቲ ሜትር

እ.ኤ.አ ሰኔ 29 ቀን 2024 በአውሮፓ ዋንጫ ጥሎ ማለፍ ዴንማርክ ከጀርመን ዶርትሙንድ ላይ ተጋጠሙ። ዮአኪም አንደርሰን ያገባት ጎል በቫር ተሻረች፤ ቶማስ ዴላኒ በጫማው ጫፍ ኦፍሳይድ ነበር ተባለ። ደቂቃዎች ሳይቆዩ አንደርሰን ራሱ በእጅ ነካ ተብሎ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ፤ ካይ ሃቨርትዝ አገባ፤ ጀርመን 2ለ0 አሸንፋ አለፈች። የዴንማርኩ አሠልጣኝ ካስፐር ዩልማንድ ከጨዋታው በኋላ ምስሉን በስልካቸው ይዘው ልዩነቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ነው ሲሉ ተማረሩ።

ሁለት ተጫዋቾች በሰከንድ 5 ሜትር ቢተላለፉ፣ በሰከንድ 500 ጊዜ የሚቆጥር ሴንሰር በሁለት ምልክት መሃል የሚያመልጠው ልክ 1 ሴንቲ ሜትር ነው። ቀስ ብለው ከሆነ ስህተቱ ያንሳል፤ ፈጥነው ከሆነ ይጨምራል። ፕሪሚየር ሊጉ ከ2021/22 ጀምሮ መስመሮቹን አወፍሮ ጥርጣሬውን ለአጥቂ የሰጠው ለዚህ ነበር። አርሰን ቬንገር ደግሞ የአጥቂው አንድ የሰውነት ክፍል ከተከላካዩ እኩል እስከሆነ ድረስ ኦፍሳይድ አይባል የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። አጥቂን ይጠቅማል፤ ጎልም ይበዛል። ሴንቲ ሜትሯን ግን አያጠፋትም፤ መስመሩን ከጣት ጫፍ ወደ ተረከዝ ያዛውረዋል እንጂ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጨዋታ ምስሉ ሲቆም ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። ኳሷ የተመታችው የትኛዋ ቅጽበት ላይ ነው? ሁለቱ ሰዎችስ በምን ፍጥነት ይተላለፉ ነበር? እነዚህን ሳይመልስ «ግልጽ ነው» የሚል ሰው መስመሩን እንጂ ጨዋታውን አላየም።