ከቀፎው አስቀድሞ ቦታው

ጡረታ ሲቃረብ ወይም ከግዳጅ መልስ ረዘም ያለ ፈቃድ ሲገኝ፣ በጓሮው አንድ ሁለት ቀፎ ማኖርን የማያስብ የሠራዊት አባል ጥቂት ነው። ባለቤቱም በበኩሏ ለበዓል የሚጣለውን ጠጅ በገበያ ማር ሳይሆን በገዛ ማሯ ለመጣል ትመኛለች። ታዲያ ጀማሪ ሁሉ በቅድሚያ የሚጠይቀው፣ «መንጋው እንዴት ይያዛል?» ብሎ ነው። እኛም በዩጋንዳ ርእሰ ከተማ በካምፓላ፣ ቡኮቶ በተባለው ሠፈር በምንኖርበት ጊዜ ጥያቄያችን ይኸው ነበር። መልሱን በአንድ ቀን አገኘነው። አስቀድመን ልንጠይቀው ይገባን የነበረውን ሌላ ጥያቄ ግን ለማወቅ ሰባት ሳምንት ፈጀብን፤ ዋጋውንም የከፈለው ሌላ ሰው ነው።

ቡኮቶ ግቢ ከግቢ የተጠጋጋበት፣ በየአጥሩ ውስጥ ግን አቦካዶ፣ ማንጎና ሙዝ የማይጠፋበት ሠፈር ነው። ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ አንዱ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሌላው ከመስከረም እስከ ኅዳር። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ፣ ከግቢያችን በላይ ያለው ሰማይ በንብ ተሸፈነ። የሠፈሩ ልጆች በሉጋንዳ ቋንቋ «እንጁኪ! እንጁኪ!» (ንብ! ንብ!) እያሉ ወደየቤታቸው ሮጡ። ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ያ ሁሉ ግርግር ሰከነና፣ ከአቦካዶው ቅርንጫፍ ላይ አንድ ትልቅ ቅል የሚያህል ጥቁር ጓል ሆኖ ተንጠለጠለ። የጎረቤታችን ዘበኛ በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ቤንዚን የነከረ ጨርቅ አስሮ መጣ፤ አቃጥሎ ሊገላግለን ነበር። አመስግነን ከለከልነው።

መንጋ ማለት እንግዲህ ምንድን ነው? አንድ የንብ ቤተሰብ ሲበዛና ቀፎው ሲጠበው፣ አሮጊቷ ንግሥት ከሠራተኞቹ እኩሌታውን ወይም ከዚያ በላይ አስከትላ ትወጣለች። የቀድሞው ቤት በቅርብ ለምትፈለፈለው ለልጇ ይቀራል። ስደተኞቹ ከመነሣታቸው በፊት ሆዳቸውን በማር ይሞላሉና ለመንደፍ እምብዛም አይቸኩሉም፤ የሚጠብቁት እጭም ሆነ ማር የላቸውም። ከቅርንጫፍ ላይ የሚቆዩት ለጥቂት ሰዓታት፣ አንዳንዴም ለጥቂት ቀናት ነው። በዚህ ጊዜ ቃኚዎቻቸው ቤት ፍለጋ ይሠማራሉ። ጀርመናዊው ተመራማሪ ማርቲን ሊንዳወር እ.ኤ.አ. በ1949 ጦርነት ባፈራረሳት በሙኒክ ከተማ አንድ መንጋ ሲመለከት፣ በላዩ ላይ የሚጨፍሩት ንቦች ጥላሸትና የጡብ አቧራ ለብሰው አየ። ነገሩን ሲመረምረው፣ እነዚህ በየፍርስራሹና በየጭስ ማውጫው ገብተው የቃኙ ናቸው፤ በጭፈራቸውም ያገኙትን ቦታ አቅጣጫና ርቀት ለጓዶቻቸው ያስረዳሉ። መንጋው ተነሥቶ የሚሄደው ቃኚዎቹ በአንድ ቦታ ላይ ሲስማሙ ነው። የቃኚን ሪፖርት ዋጋ ለሚያውቅ ወታደር ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

አያያዙ እንዲህ ነበር። ከአንድ አናጢ የገዛነውን ሣጥን ቀፎ በጭስ አጥነን፣ ውስጡን በጠጅ ሣር አሸነው። ሠራተኛ ንቦች ጓዶቻቸውን ለመጥራት የሚረጩት ሽታ ከጠጅ ሣር ሽታ ጋር ስለሚቀራረብ፣ ይህ ብልሃት ከንቱ አይደለም። ፊታችንን በዐይነ ርግብ ሸፍነን፣ እጅጌያችንንና የሱሪያችንን ጫፍ አስረን፣ ከሥር አንሶላ ዘረጋን፤ መንጋውን በጥቂት ውኃ አረስርሰን፣ ካርቶን ደግነን ቅርንጫፉን አንድ ጊዜ በኃይል ነቀነቅነው። አብዛኛው ወደቀ። ወደ ቀፎው ገልብጠን ክዳኑን ስንከድን ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ነገር ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም አንድ በአንድ ወደ ቅርንጫፉ ተመለሱ፤ ንግሥቲቱ ለካ ከዚያው ቀርታ ኖሯል። አሥር ሰዓት ላይ ደገምነው። በዚህ ጊዜ ጥቂት ንቦች በቀፎው በር ላይ ቆመው፣ ጅራታቸውን ወደ ላይ አንሥተው ክንፋቸውን ያርገበግቡ ጀመር። ይህ ንግሥቲቱ ከውስጥ እንደገባች የሚያበሥር ምልክት ነው። የቀሩትም እንደ ሰልፈኛ እየተከተሉ ገቡ። ሲመሽ በሩን ሸፍነን፣ ቀፎውን ከሙዙ ተክል ጀርባ፣ ከአጥሩ ጥግ አኖርነው።

ስሕተታችን ከዚህ ላይ ነው። በወቅቱ እንደ ስሕተት አልታየንም፤ ምክንያቱም በጎጃምም ሆነ በሌላው ደጋ አያቶቻችን ቀፎውን ከቤታቸው ታዛ ሥር ሰቅለው፣ ልጆቻቸውን ከሥሩ ሲያሳድጉ አይተናልና። የደጋ ንብ ግን በጥቅሉ ረጋ ያለ ነው። የኢትዮጵያን ንብ ያጠኑ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሜንሲስ የሚል የራሱ ስም ሰጥተውታል። ካምፓላ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ በምሥራቅ አፍሪካ በዚህ ከፍታ የተስፋፋው የሣር ምድር ንብ በቁጣው የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ብራዚላዊው ዋርዊክ ኬር የዚሁ ዝርያ ንግሥቶችን ከደቡብ አፍሪካና ከታንዛንያ ወደ አገሩ ወስዶ ነበር፤ በተከታዩ ዓመት 26 መንጋ አመለጠና ከአካባቢው ንብ ጋር እየተዳቀለ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ቴክሳስ ደረሰ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ንቦቻችን እንደ በግ ገራም ነበሩ። ልጆቻችን አጠገባቸው ቆመው የአበባ ዱቄት ተሸክመው ሲገቡ ይቆጥሩ ነበር። ሠራተኛ ንብ ከዕንቁላል ተነሥታ ጎልምሳ ከሰፈፏ እስክትወጣ 21 ቀን ያህል ይፈጅባታል፤ በሰባተኛው ሳምንት ቀፎው በእጭና በማር ሞልቶ፣ የሚጠበቅ ሀብት አፍርቶ ነበር። በቀን ሙቀት፣ ሣር የሚያጭድልን ሰው በረጅም ማጭዱ እየቀጠቀጠ ሄዶ የቀፎውን እግር መታው። ንቡ በአንድ ጊዜ ወጣበት። ሲናደፉ የሚረጩት የማስጠንቀቂያ ሽታ የበሰለ ሙዝ ሽታ የሚመስል ሲሆን፣ አንዷ ከነደፈች ሌሎቹ ያንኑ ሽታ እየተከተሉ ይነድፋሉ። ሰውየውን ወደ ቤት ጎትተን አስገባነው፤ ፊቱና አንገቱ አብጦ ሁለት ቀን በሕክምና ቆየ። ከጎረቤት የታሰረች ፍየል ግን ማምለጫ አጥታ ሞተች።

ልንጠይቀው በሄድንበት ዕለት ቂም አላሳየንም፤ ያለን ይህን ብቻ ነበር፦ «ከሙዙ ጀርባ ንብ እንዳላችሁ ብትነግሩኝ ኖሮ፣ የዚያን ጥግ ሣር ማታ በእጄ እነቅለው ነበር።» እውነቱን ነው። አልነገርነውም። ስለ መንጋው አያያዝ ለወዳጆቻችን ሁሉ ስናወራ፣ ከቀፎው አጠገብ ለሚሠራው ሰው መንገር ግን አልታሰበንም ነበር።

ስለዚህ በጦር ሠፈር የመኖሪያ ክፍል ቀፎ ለማኖር ለሚያስብ ሁሉ ሐሳባችን ግልጽ ነው፤ አያድርገው። ቀፎ ከመኖሪያ፣ ከልጆች መጫወቻና ከብት ከሚታሰርበት ጥቂት መቶ ሜትሮች ይራቅ፤ በሩም ወደ መንገድ አይዙር። ንብ ከተነሣ አንገትና ፊትን ሸፍኖ፣ ሳይወራጩ፣ በቀጥታ ሮጦ ቤት ገብቶ መዝጋት ነው። እሾሁ በምንም ይሁን በምን ቶሎ ይነቀል። ትንፋሽ ያጠረው ወይም ከንፈሩ ያበጠ ሰው ግን ለአፍታም ሳይቆይ ሐኪም ቤት ይወሰድ። መንጋ ለመያዝ ልምድ ያለው አናቢ አብሮ ቢኖር ይሻላል። ሆለታን ሠራዊቱ የሚያውቃት በጦር ትምህርት ቤቷ ቢሆንም፣ በዚያችው ከተማ የንብ ምርምር ማዕከልም አለ፤ በቅርቡ ያለ ሰው ጠይቆ ይማር።

የእኛን ቀፎ ከከተማው ውጭ የቡና ማሳ ላላቸው አንድ ሽማግሌ አናቢ ሰጠናቸው። ገና የተያዘ መንጋ የቀድሞ ቤቱን ስለሚተው የትም ቢያኖሩት ይቀመጣል፤ ቤት የሠራ ንብ ግን ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ካልራቀ ቃሚዎቹ ወደ ለመዱት ቦታ ይመለሳሉ። ስለዚህ በሌሊት በሩን በወንፊት ሽቦ ዘግተን፣ በፒክአፕ መኪና ጭነን ወሰድነው። ለፍየሏም ካሣ ከፈልን።

በመስከረሙ ዝናብ በዚያው ቅርንጫፍ ላይ ሌላ መንጋ ዐረፈ። ዘበኛው በዚህ ጊዜ ይዞልን የመጣው አንሶላ ነበር። አንዳችን ወደ ሽማግሌው ስልክ ስንደውል፣ ሌላችን በሠፈሩ እየዞርን ለየግቢው ነገርን፤ ሲጨልም መንጋው ወደ ቡናው ማሳ ጉዞ ጀመረ።